ስምንት መቶ አርባ ጊዜ «ደህና»

በአገራችን አንድ ሰው «አሞኛል» ካለ፣ የሰማው ሰው ሥራውን ጥሎ ጀንበር እስክትጠልቅ አብሮት መቀመጥ አለበት። እጁም ባዶ መሆን አለበት፤ ጥጥ መፍተል፣ ጥፍር መቁረጥ፣ መጻፍ አይፈቀድም። ሕጉን ያወጡት ደግ ሰዎች ነበሩ ይባላል። የታመመ ሰው ብቻውን እንዳይሆን አስበው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በአገራችን ማንም ታሞ አያውቅም። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬው በሬውን ፈትቶ በእኔ ምክንያት ሲቀመጥ እንዴት አድርጌ አያለሁ? ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ሲሉን «ደህና» እንላለን። የሚሞተውም «ደህና» እንዳለ ነው የሚሞተው። ሐኪም ቤት ስንሄድ እንኳ የሚያመንን ቦታ በጣት እናሳያለን እንጂ አንናገርም። ማሳየት በሕጉ ውስጥ የለም።

እኔ አልጣሽ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋሁ አንዲት ልጅ አሳድጋለሁ። ልጄ ፀዳለ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ፀዳለ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች፣ መኪና ገጭቷት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ይታየኛል። በዚህ መሐል በሩን ከፍታ ትገባለች። ፊቴን ታየውና፣ «ዛሬ ደግሞ በምን ሞትኩ?» ትለኛለች።

ጡቴ ላይ እብጠት ያገኘሁ ቀን ግን አልደነገጥኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት እንግዳ በመጨረሻ አድራሻዬን አገኘው ብዬ ነው የተቀበልኩት። ለሐኪሟ በጣቴ አሳየኋት። መረመረችኝ፤ ከሳምንት በኋላ ካንሰር ነው አለችኝ። የተለመደው መድኃኒት ብቻውን ለእንደኔ ዓይነቱ ብዙም እንደማይረዳ፣ ከከተማው ዳር ባለው የሙከራ ቤት ግን አዲስ መድኃኒት ከተለመደው ጋር እየተሰጠ እንደሚሞከር ነገረችኝ።

«አዲሱ ያድነኛል?» አልኳት።

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የሚሞከረው» አለችኝ።

በአገራችን «አላውቅም» የሚል ባለሥልጣን አይቼ ስለማላውቅ አመንኳት።

የሙከራ ቤቱ ሕግ ከአገሩ ሕግ የተለየ ነው። በሩ ፈጽሞ አይዘጋም። የገባ ሰው በፈለገው ሰዓት ለምን ሳይባል መውጣት እንዲችል ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሐኪሞቹም ጭምር፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን አይለቃቸውም። ማን የተለመደውን ብቻ፣ ማን አዲሱንም ጭምር እንደሚወስድ በዕጣ ይወሰናል። ዕጣው የደረሰውም ሰው አያውቀውም፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስም አታውቀውም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ኮረብታው ላይ ለብቻው ይኖራል። ፊቱ እንዳያሳብቅበት ገበያ ሲወርድ እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ቆሜ ትከሻውን አይቻለሁ። ለሁላችንም እኩል ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል። ከዚያ በላይ የሚነበብ ነገር የለውም።

ከመግባቴ በፊት አቶ መንበሩ ፊት ቀረብኩ። አቶ መንበሩ የቤቱ ስጋት አንባቢ ናቸው። መድኃኒቱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ሁሉ ለታማሚው በሚገባው ቋንቋ ማንበብ ሥራቸው ነው። ሲያነቡ ፈገግ ማለት አይችሉም፣ ነገሩን እንዳያቀልሉት። ፊታቸውንም ማጥቆር አይችሉም፣ እንዳያስፈራሩ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስለቆዩ ፊታቸው የታጠበ ሰሌዳ መስሏል።

«ማቅለሽለሽ» አሉ። «ማስመለስ። የፀጉር መርገፍ። የአፍ መቁሰል። የደም ማነስ።» እንዲህ እያሉ ሃያ ስድስት ደረሱ። «ሃያ ሰባተኛ፣ እስካሁን ያልታወቀም ሊኖር ይችላል።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አልኳቸው። «አብሮኝ ነው ያደገው።»

«ጥያቄ አለዎት?»

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ሃያ ሰባት ነው።»

«እኔ የመጣሁት አርባ ስጋት ይዤ ነው።»

አቶ መንበሩ ወረቀታቸውን አስቀመጡ። «መስማትም ሥራዬ ነው። ይንገሩኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መርፌው ክንዴ ላይ እንዳለ ጣሪያው ቢወድቅስ? ነርሷ የእኔን ጠርሙስ ከሌላ ሰው ጋር ብትቀያይረውስ? መድኃኒቱ አድኖኝ፣ ሰው ሁሉ መዳኔን ከለመደ በኋላ ቢያልቅስ? እኔ እዚህ ተኝቼ ልጄ ለማይረባ ሰው ልቧን ብትሰጥስ?

«የመጨረሻው ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስለኝም» አሉ።

«ከእኔ ጋር ግን አለው።»

ወረቀታቸውን አንስተው ከኅዳጉ ላይ ጻፉት። ሰው ስጋቴን ሲጽፍ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ «አታሟርቺብኝ» ነበር የምትለኝ። ፈረምኩ።

በየማክሰኞው አርባ ሰዎች እንሰለፋለን። አቶ መንበሩ ከትልቁ መዝገብ ኋላ ተቀምጠው አንድ በአንድ «እንዴት ሰነበቱ?» ይሉናል። መልሱ ሳይጻፍ ለማንም መድኃኒት አይሰጥም። እኛም «ደህና» እንላለን። ከኋላችን ሠላሳ ሰው ቆሞ፣ አንዱ «አሞኛል» ቢል አቶ መንበሩ ብዕራቸውን ጥለው ይቀመጣሉ፤ የቀረነው ሳንጠየቅ፣ መድኃኒቱንም ሳናገኝ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እንዲህ ያለውን ግፍ ማን በጎረቤቱ ላይ ይሠራል? ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ያደረው ሰው አፉን ጠርጎ «ደህና» ይላል። አቶ መንበሩም የነገሯቸውን ይጽፋሉ። ያልተባለ ነገር መጻፍ በቤቱ ክልክል ነው።

በሁለተኛው ወር የጡቴ እብጠት ከእንቁላል ወደ ትንሽ ሎሚ ወረደ። በአራተኛው ወደ ባቄላ። ሐኪሟ በጣቷ ስትለካው ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ሳታስበው ቅንድቧ ከፍ አለ። ያን ቅንድብ ለፀዳለ ቤት ገብቼ በራሴ ቅንድብ አሳየኋት። ያን ቀን ሳህን ስታጥብ ዘፈነች።

ጣቶቼ መደንዘዝ የጀመሩት በሰባተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ጫፋቸው ብቻ፣ በኋላ እስከ አንጓው። አንድ ቀን ነጭ ኮሌታ ስሰፋ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ መርፌው የሌባ ጣቴን ወግቶ ቆሟል። እኔ አልሰማሁትም። ነቀልኩት፣ ኮሌታውን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት፣ ዝም አልኩ። መደንዘዝን ደግሞ በጣት ማሳየት አይቻልም። ጣት ራሱ ነው የጠፋው።

በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ይቻላል። የተለመደው መድኃኒት ጣት እንደማያደነዝዝ ከሰው ሰምቻለሁ። እንግዲያው አዲሱ ደርሶኛል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከተናገርኩ ደግሞ «አልተስማማሽም» ብለው ያወጡኛል። ባቄላዋ ተመልሳ እንቁላል ትሆናለች። ፀዳለ ደግሞ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሥራዬም አልተበላሸም፤ የምሰፋውን የቁልፍ ቀዳዳ አንድም ደንበኛ መልሶ አላመጣብኝም። እንዲያውም አንዲት እናት «ዘንድሮ እጅሽ ተስተካከለ» አለችኝ። ጣት ባይሰማውም እጅ ሥራውን አይረሳም ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

በሰልፉ ላይ ከፊቴ የሚቆሙት እትዬ ደጊቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ባሎቻቸውን ሦስቱንም ቀብረዋል፤ «አንዳቸውም ደህና ሳይሉ አልሄዱም» እያሉ ይስቃሉ። በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት ጫማቸውን ከጎን በምላጭ ቀደው አየሁ። እግራቸው በቅዱ ወጥቶ እንደ ሊጥ ተነፍቷል።

«እትዬ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«ዝናብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያብጣል።»

«ዝናብ የለም እኮ።»

«ሊመጣ ነዋ።»

የፀሐይ ወር ነበር። ሰማዩ ላይ የእጅ መሐረብ የሚያህል ደመና አልነበረም።

በሃያ አንደኛው ሳምንት ከዋናው ከተማ ቆጣሪዎች መጡ። ቆጣሪዎች በሽተኛ አያዩም፤ መዝገብ ነው የሚያዩት። ሦስት ቀን ተቀምጠው መዝገቡን አገላበጡ። አርባ ሰው፣ ሃያ አንድ ሳምንት፣ ስምንት መቶ አርባ ጊዜ «ደህና»። አንድም ሌላ ቃል የለም። እንዲህ ያለ የዋህ መድኃኒት በየትም አገር ታይቶ አይታወቅም ብለው ተደነቁ። ከውኃም ይሻላል፤ ውኃ እንኳ ሰው ያንቃል አሉ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ የመድኃኒቱ ልክ እጥፍ እንዲሆን ወሰኑ። ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ለምን በግማሹ እንቆጥባለን ብለው ነው።

አቶ መንበሩ ውሳኔውን አነበቡልን። «የማይፈልግ በሩ ክፍት ነው። የሚነግረኝ ነገር ያለው ካለ ጆሮዬ ክፍት ነው» አሉ። አርባችንም አጨበጨብን። እትዬ ደጊቱም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጆቼ ሲገናኙ ግን ድምፁን እንጂ ንክኪውን አልሰማሁም።

ያን ሳምንት ክፉ ክፉውን ሳስብ ሰነበትኩ። በዚህ ሥራ ልምድ አለኝ፤ ዘንድሮ ግን መንገዱ ሁለት ሆነብኝ። ብናገር ያወጡኛል፤ እሞታለሁ። ባልናገር እጥፉን ይሰጡኛል፤ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ልብ ይሄዳል፤ እሞታለሁ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ተከትዬ ሄድኩባቸው። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ፀዳለ ብቻዋን ቆማለች። ልዩነቱ አንድ ነው። በሁለተኛው መንገድ ላይ፣ ከፀዳለ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እትዬ ደጊቱም ጫማቸው ተቀዶ ወድቀው ታዩኝ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች ተሰልፈዋል። በእኛ «ደህና» አምነው የመጡ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ፀዳለ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ፣ «እማዬ፣ ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «ደህና» አልኳት። ትምህርት እንዳታጣ ብዬ ነው።

ከእትዬ ደጊቱ ቀድሜ እንድገባ ለመንኳቸው። አሳለፉኝ።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አሉ አቶ መንበሩ። ብዕራቸው ወረቀቱን ነክቶ ነበር።

«ደህና አይደለሁም።»

ቀና አሉ። «ሕጉን ያውቃሉ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። አሞኛል፣ አቶ መንበሩ። ጣቶቼ ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ደንዝዘዋል።»

ብዕሩን ከደኑት። ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥተው ከጎኔ አደረጉና ተቀመጡ። ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ሰልፉ አጉረመረመ። አንዱ «እኛስ?» አለ። ሌላው «እሷን ብሎ ታማሚ» አለ። እትዬ ደጊቱ አንገታቸውን አስግገው አዩን።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን እኮ ተከልሻቸው። አሁን እስከ ማታ ማን ይነቅላቸዋል?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። የራሴን ብቻ ነው የተናገርኩት» አልኩ። የእሳቸውን እግር አላነሳሁም። የሳቸው ነው።

አቶ መንበሩ «ይቀጥሉ፤ መጻፍ ባልችልም መያዝ እችላለሁ» አሉኝ። ቀጠልኩ። መርፌውን ነገርኳቸው፣ ኮሌታውን፣ ጠዋት ጠዋት ስነሳ እግሬ ወለሉን እንደማያገኘው። እንዳያወጡኝ ስል እንደዋሸሁም ነገርኳቸው። ስናገር ማንም አላቋረጠኝም። እትዬ ደጊቱ ቆመው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ መድኃኒት ልትሰጥ ወደተዘጋጀችው ነርስ ዞሩ።

«ዝናብ አይደለም» አሏት።

«ምኑ?»

«እግሬ። ደረጃ ስወጣ ደግሞ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይወጣና ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አሞኛል፣ ልጄ። ካላስቸገርኩሽ።»

ነርሷ የያዘችውን አስቀምጣ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከኋላ ያለው ሰውዬ ከሳምንት በላይ እህል እንዳልቀመሰ ለጎረቤቱ ነገረው፤ ጎረቤቱ ተቀመጠ። ሐኪሟ ሰልፉ ለምን ቆመ ብላ ስትወጣ እትዬ ደጊቱን ሰማች፤ እሷም ተቀመጠች። እጇ ባዶ መሆን ስላለበት መሣሪያዋን ማንሳት አልቻለችም። ትንሽ አሰበችና ጆሮዋን እትዬ ደጊቱ ጀርባ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ጆሮ እጅ አይደለም፤ ሕጉ ስለ ጆሮ ምንም አይልም። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ በቤቱ የቆመ ሰው አልቀረም። ግማሹ ታማሚ ነው፣ ግማሹ ሰሚ፤ አብዛኛው ሁለቱንም ነበር። ዘበኛው ሳይቀር የጥርስ ሕመሙን ለጽዳት ሠራተኛዋ ነግሮ ሁለቱም ተቀምጠዋል። እጥፍ የተደረገው መድኃኒት በየጠርሙሱ እንዳለ ቀረ። ሊሰጠን የሚቆም ሰው አልነበረም።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ፀዳለ መጣች። ቤት ብትሄድ ስላጣችኝ ነው የመጣችው። በተከፈተው በር ገብታ አርባ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ስታይ ከንፈሯ ደረቀ። እኔ ክፉ ክፉውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ እሷ ግን ከእኔ እንዳመጣችው ያን ጊዜ ገባኝ።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ነይ ተቀመጪ። የምነግርሽ አለ።» እጄን ዘረጋሁላት። «ጣቶቼ አይሰሙኝም። አራት ወር ሊሆነው ነው።»

አላለቀሰችም። ጣቶቼን ያዘቻቸው፤ መያዟን በዓይኔ አየሁት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከየት አውቀሽ?»

«የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ጠማማ አድርገሽ ትሰፊያቸው ነበር። ጠዋት አንቺ ሳትነሺ እየፈታሁ እኔ ነኝ የምሰፋቸው።»

ብዙ ነገር ልላት ነበር። «ደም ያለበት ኮሌታስ?» አልኳት።

«ሰባት ነበሩ። አንቺ ያጠብሽው አንዱን ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ መርፌውን ትተይዋለሽ። ከዚያ ምን ልትሠሪ? ተቀምጠሽ ስለ እኔ ልታስቢ ነው?» ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና፣ «እኔም ደህና አይደለሁም፣ እማዬ። ሂሳብ ፈተና ላይ ቁጥሮቹን ትቼ ያንቺን ጣቶች ስቆጥር ጊዜው አለቀብኝ» አለችኝ።

ትከሻ ገና አልደነዘዘም። ክብደቷን ሰማሁት። አቶ መንበሩ ከጎናችን ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። ፊታቸው እንደ ወትሮው ነበር። ጀንበሯ በተከፈተው በር ላይ ወርዳ ወርዳ ከኮረብታው ኋላ ስትገባ ሁላችንም ጉልበታችንን ይዘን ተነሳን።

ከዚያ በኋላ ቆጣሪዎቹ ተመልሰው መጡ። ስምንት መቶ አርባውን «ደህና» ምን እናድርገው የሚል ስብሰባ ተደረገ። በቤቱ ሕግ የተጻፈ አይፋቅም፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሰርዞ ጎኑ ላይ ይፈረማል። አቶ መንበሩ እያንዳንዳችንን እንደገና ጠርተው፣ እውነቱን ጠይቀው፣ ስምንት መቶ አርባ ጊዜ ሰርዘው ስምንት መቶ አርባ ጊዜ ፈረሙ። ክንዳቸው አብጦ ለባለቤታቸው ደህና ነኝ እንዳሏቸው ሰምቻለሁ። የአገሩን ሕግ መቀየር አልተቻለም፤ በዚህ ቤት ውስጥ ግን መጻፍ እንደ መቀመጥ ይቆጠር ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔው አራት ቀን ፈጀ።

ልኩ አልታጠፈም። ከበፊቱም ዝቅ ተደረገ። እትዬ ደጊቱን ሐኪሟ ከመድኃኒቱ አወጣቻቸው፤ ልባቸው መታከም ጀመረ። ሰፊ ጫማ ገዝተው በተከፈተው በር በእግራቸው ወጡ። አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ ምንም አይወስዱም፤ ወሬያችንን ሊሰሙ ነው። እኔን ግን አላወጡኝም። ሐኪሟ ጣቶቼን እያየች፣ «ባነሰው ልክ ቢቀጥሉ ጣቱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። እብጠቱም ሊቆም ይችላል፣ ላይቆምም ይችላል» አለችኝ። አዲሱ ይድረሰኝ የተለመደው እሷም አታውቅም። የኮረብታው ሰውዬ ገበያ ላይ አግኝቶኝ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ።

አቶ መንበሩ አዲሱን ዝርዝር አነበቡልኝ። አሁን ሠላሳ አንድ ሆኗል። ሃያ ሰባተኛው ላይ «የጣት መደንዘዝ፤ መርፌ ወግቶ አለመሰማት» ይላል። የራሴን ነገር በሰው ድምፅ ስሰማ እንግዳ ሆነብኝ። ከእኔ ኋላ አንዲት አዲስ ሴት ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሕፃን ታቅፋለች። ስትሰማ የሕፃኑን ጣቶች በእጇ ሸፈነቻቸው።

«ለመቀጠል ይፈቅዳሉ?» አሉኝ አቶ መንበሩ። «በሩ ክፍት ነው።»

በሩን አየሁት። ብርድ ይገባበታል። ክፉውን ሁሉ አሰብኩ፤ ምንም አልተውኩም። ከዚያ ፈረምኩ። ብዕሩን ስለማልሰማው ፊርማዬ ጠማማ ሆነ። ያን ቀን አብራኝ የመጣችው ፀዳለ ልታስተካክለው ፈልጋ እጇን ሰበሰበች።

ማክሰኞ መጣ። ተሰለፍኩ፣ ተራ ደረሰኝ።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ከቀኝ እጄ ጀመርኩ። ትንሿ ጣት ሐሙስ ዕለት ትንሽ የሰማች መሰለኝ፤ ዓርብ መልሳ ጠፋች። ግራ እግሬ ደረጃ ይስታል። ባቄላዋ ባቄላ ናት። የምበላው ሁሉ የብረት ጣዕም አለው። እሑድ ደህና ነበርኩ፤ ይኼን ስል አቶ መንበሩ ቀና ብለው አዩኝ፣ «እውነቴን ነው» አልኳቸው፣ ጻፉት። ፀዳለ በቁልፍ ቀዳዳ በልጣኛለች። ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋር ቆማ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ልጁ አይከፋም፣ ግን ክፉ ቢሆንስ? ይኼ ከመድኃኒቱ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ገጹ አለቀባቸው። ገለጡና ብዕሩን አስተካክለው ያዙ።

«ከዚያስ?» አሉኝ።